የጀመዓው መዝገብ በማን እጅ ነው?



በዚህ ዓምድ ብዙውን ጊዜ የምናወራው ስለ ቤት ውስጥ ጉዳይ ነው፤ ልጅ ስለ ማሳደግ፣ ስለ ባልና ሚስት ሐቅ፣ ስለ ጎረቤት። በዚህ ወር ግን ከደጃፉ ወጣ ብለን ቤተሰቡን ከውጭ ደግፈው ስላቆሙት ስብስቦች እንጨዋወታለን፤ ስለ መድረሳ ኮሚቴው፣ ስለ መስጂዱ ጀመዓ፣ ስለ ቅሬው፣ ስለ ሴቶቹ ሰደቃ፣ ስለ ወጣቶቹ ስብስብ። ወደዚህ ወሬ የገፋን መጽሐፍ ሳይሆን አንድ የቡና ማሳ ነው። በማሳው ነገር እኛም ጥፋተኞች ስለሆንን የምናወራው አፍረን ነው።

ማሳው የሚገኘው ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ የገጠር ቀበሌ ውስጥ ነው። የቀበሌውንም የጀመዓውንም ስም አንጠራም፤ ቁስሉ ገና አልጠገገም።

አገሩን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ እንበል። ሚዛን ተፈሪ ከአጎራባቿ ከአማን ጋር ተያይዛ ዛሬ ሚዛን አማን ትባላለች፤ የቤንች ሸኮ ዞን መቀመጫ ናት። ቴፒ በሸካ ዞን በየኪ ወረዳ ትገኛለች። ሁለቱም ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ጀምሮ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ውስጥ ናቸው። ከሚዛን ወደ ደቡብ ሲወረድ የበበቃ የቡና እርሻ አለ፤ በቴፒም ሰፊ የቡና እርሻ አለ። ሙስሊሙ ወደዚህ አገር የመጣው በአንድ ቀንና በአንድ መንገድ አይደለም። ከጅማ በኩል በንግድ የመጣ አለ። በእርሻዎቹ ላይ ሊሠራ መጥቶ የቀረ አለ። እዚሁ ተወልዶ እዚሁ የሰለመ የቤንች፣ የሸኮ፣ የካፋ ልጅ አለ። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ደግሞ የወቅቱ መንግሥት ወደ 600 ሺ የሚጠጋ ሕዝብ በድርቅ ከተጎዱት አውራጃዎች አንሥቶ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲያሰፍር፣ አብዛኛው የወሎ ሰው ነበር። የወሎ ሰው ከብቱንና ቤቱን ትቶ መጣ፤ ቅሬውን ግን ይዞ መጣ። ቅሬ በሌላው አገር ዕድር የሚባለው ነው። ስለዚህ በአንድ መድረሳ ምንጣፍ ላይ በየቤታቸው አራትና አምስት ቋንቋ የሚናገሩ ልጆች ተቀምጠው አሊፍ ባ ሲሉ መስማት እዚህ እንግዳ ነገር አይደለም።

የዚያ ጀመዓ ሰብሳቢ በሰፈራው ጊዜ በወጣትነታቸው ከወሎ የመጡ፣ ኋላም አላህ ሐጅን የወፈቃቸው ሰው ነበሩ። ሰፈሩ በሙሉ «ሐጂ» ብቻ ይላቸዋል። ከሃያ ዓመት በላይ ሰብሳቢም፣ ገንዘብ ያዥም፣ መልእክተኛም እርሳቸው ነበሩ። ሰው ሲታመም መኪና የሚለምኑ እርሳቸው፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ ማታ ፋኖስ ይዘው የሚሄዱ እርሳቸው፤ የቲም ልጅ ደብተር ሲያጣ ከኪሳቸው የሚያወጡ እርሳቸው። ኪሳቸው ደግሞ ሁለት ነበር። በግራው የራሳቸው፣ በቀኙ የጀመዓው። አንዲት ሳንቲም እንዳልቀላቀሉ ዛሬም በአላህ ስም እንመሰክራለን።

በ2005 ዓ.ም. ሐጂ ለመድረሳው ኡስታዝ ደመወዝ ቋሚ ገቢ እንዲገኝ ብለው ከየቤቱ ቡና ማሰባሰብ ጀመሩ። አንዱ አንድ ኬሻ ጀንፈል ሰጠ፤ ሌላው ሁለት ፈረሱላ፤ ድሃው ደግሞ በጣሳ ሰፍሮ አመጣ። (ፈረሱላ 17 ኪሎ መሆኑን የከተማ አንባብያን ልብ በሉ።) በማግሥቱ ዓመት ቡናው ተሸጦ አገር ለቆ ከሚሄድ አንድ ገበሬ ላይ አራት መቶ ያህል እግር ቡና ከነይዞታው ተወሰደ። ጀመዓው በራሱ ስም የሚቆምበት ወረቀት ስላልነበረው የይዞታ ደብተሩ በሐጂ ስም ወጣ። «በኔ ስም ይሁን፤ የማን እንደሆነ አላህ ያውቃል» አሉ። እኛም አሚን አልን።

የኛ ጥፋት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ጠዋት መድረሳ፣ ከሰዓት የመንግሥት ትምህርት ቤት ስንመላለስ ያደግን፣ ገና መምህርነት የጀመርን ነበርንና ጸሐፊ አድርገው የመረጡን እኛን ነው። ቃለ ጉባኤ ሁለት ጊዜ ጻፍን። በሦስተኛው ስብሰባ ላይ «ስለ ማሳው አንድ ወረቀት ተጽፎ ሦስት ሰው ቢፈርምበት ምን ይመስላችኋል?» ብለን አነሣን። ቤቱ ዝም አለ። አንድ ሽማግሌ ዘወር ብለው አዩንና «ልጄ፣ ሐጂን ልታስፈርም ነው?» አሉን። ሐጂ ራሳቸው ምንም አላሉም፤ ፈገግ ብለው ቡናቸውን ጠጡ። እኛ ግን አፈርንና ደብተሩን ዘጋን። ያ ደብተር እስከ ዛሬ አለ። ከአምስተኛው ገጽ ወዲህ ባዶ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ሐጂ ወደ አኺራ ሄዱ፤ አላህ ይዘንላቸው። ወሲያ አልጻፉም። ዘጠኝ ልጆች ናቸው፤ አራቱ የሚኖሩት በሌላ አገር ነው። ትልቁ ልጅ «አባታችን የመድረሳ ቡና አለ ይሉን ነበር፤ የትኛው እንደሆነና ስንት እግር እንደሆነ ግን አላሳዩንም» አለ። አልዋሸም። የመድረሳው ቡና ከሐጂ የራሳቸው ቡና ጋር ድንበር ለድንበር ነው፤ በስምንቱ ዓመት ውስጥ በሁለቱም ላይ አዲስ ችግኝ ተክለው ነበር። ሲወሰድ ከነበሩት ሁለት ምስክሮች አንዱ ሞተዋል። ሌላው ጅማ ገብተዋል፤ ተለምነው ቢመጡም ዓይናቸው ደክሞ ድንበሩን መለየት አልቻሉም። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ፍርድ ቤት ሳይደረስ እርቅ ወረደ። እኩሌታው ለመድረሳው፣ እኩሌታው ለወራሾች ሆነ።

ከወራሾቹ መካከል ሐራም በልተን እንዳይሆን ብላ ለወራት እንቅልፍ ያጣች ልጅ አለች። ከጀመዓውም ወገን «የየቲም ሐቅ ተበላ» ብለው እስከ ዛሬ የሐጂን ልጆች ሰላምታ የሚነፍጉ አሉ። ኡስታዙ ስድስት ወር ያለ ደመወዝ ቆዩና ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ሌላ ከተማ ለንግድ ሄዱ። ከሰባ በላይ ልጆች ስምንት ወር ያለ አስተማሪ ቀሩ። ከነዚያ ልጆች ጥቂቶቹን ዛሬ ቀን ቀን በለቀማ ላይ፣ ማታ ማታ ጫት ቤት እናያቸዋለን። ሲያዩን አንገታቸውን ይደፋሉ፤ አንገት መድፋት የሚገባን ግን እኛ ነን።

እንግዲህ ጀመዓው ምን ጎድሎት ነበር? ኢኽላስ አልጎደለውም። ጉልበትም፣ ሰደቃም አልጎደለውም። የጎደለው ከአንድ ሰው ዕድሜ የሚረዝም ትውስታ ነው። በደርሳችን ላይ አንድ ሐዲስ ሲነገር ኢስናዱን እንጠይቃለን፤ ማን ከማን ሰማው፣ ማን ለማን አስተላለፈው እንላለን። የመድረሳው ገንዘብ ከማን ወደ ማን እንደተላለፈ ግን አንድም ሰንሰለት የለንም።

«አቅም ግንባታ» የሚለው ቃል በየመንደሩ የተሰማው በ1994 ዓ.ም. በዚሁ ስም ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ከተቋቋመ ወዲህ ነው። መሥሪያ ቤቱ በ2003 ዓ.ም. ፈረሰ፤ ቃሉ ግን አልፈረሰም። ሰው ቃሉን ሲሰማ የሚታየው አዳራሽ፣ አበል፣ እስክሪብቶና የሻይ ዕረፍት ነው። እኛም ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ እንዲህ ያለ ሥልጠና ላይ ተገኝተናል። አሠልጣኙ ደግ ሰው ነበሩ፤ ሁለት ቀን ሙሉ ስለ ራእይ፣ ስለ ተልእኮና ስለ ስትራቴጂክ ዕቅድ በሰፋፊ ወረቀት ላይ ሲጽፉ ዋሉ። ከኋላ የተቀመጡት አባቶች አንቀላፉ። በሁለተኛው ቀን መጨረሻ ጊዜ ተረፈና አንድ ወጣት የሒሳብ ሠራተኛ ተነሥቶ ሰሌዳው ላይ ሦስት ዓምድ አሰመረ፤ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ። አባቶች ነቁ። አንዱ «ይህንማ ሱቄ ውስጥ ስሠራው የኖርኩት ነው!» አሉ። ታዲያ በሱቅ የምንሠራውን መስጂድ ስንገባ ከጫማችን ጋር በር ላይ የምናወልቀው ለምንድን ነው?

ብዙዎቻችን መጻፍንና መቁጠርን እንደ አለመተማመን እናየዋለን። ዲናችን ግን እንዲህ አላስተማረንም። በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ብድርን ስለ መጻፍ የወረደው የሱረቱል በቀራ 282ኛው ነው። ጸሐፊው፣ ምስክሩ፣ ጊዜው፣ ትንሹንም ትልቁንም ከመጻፍ አለመሰልቸት፣ ሁሉም እዚያ አለ። ያ አንቀጽ ሲወርድ በፊቱ የነበሩት ሌቦች አልነበሩም፤ ሰሐቦች ነበሩ። ኢብኑል ሉትቢያ የተባለው ሰውም ዘካ ሰብስቦ ተመልሶ «ይህ የእናንተ ነው፤ ይህ ደግሞ ለኔ የተሰጠኝ ስጦታ ነው» ባለ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሚንበር ላይ ወጥተው ሰውየው በወላጆቹ ቤት ቢቀመጥ ስጦታው ይመጣለት እንደሆነ ጠየቁ። ነገሩ በሹክሹክታ አልታለፈም፤ በሰው ፊት ተነገረ።

የኛን ማሳ ከሁሉ ይበልጥ የሚመስለው ግን የዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) ነገር ነው። በኸይበር መልካም መሬት ደረሳቸው። ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ሲያማክሩ ዋናውን አቆይተው ፍሬውን ሰደቃ እንዲያደርጉት መከሯቸው። ዋናው እንዳይሸጥ፣ በስጦታ እንዳይተላለፍ፣ እንዳይወረስ ሆነ። ይህን ያህሉን ብዙዎቻችን ከደርስ ሰምተነዋል። ሳናስተውለው ያለፍነው ቀጥሎ ያለውን ነው። አቡ ዳውድ እንደዘገቡት ዑመር ጉዳዩን በሰነድ አስጻፉት። የጻፈው ሙዐይቂብ ነው፤ የመሰከረው ዐብዱላህ ኢብኑል አርቀም ነው። ከርሳቸው በኋላ ማን እንደሚያስተዳድረው በስም ተጽፏል። ልጃቸው ሐፍሷ ናት፤ ከርሷ በኋላ ደግሞ ከቤተሰቡ አስተዋይ የሆነው ሰው። የሚያስተዳድረው ሰው በአግባቡ ከፍሬው ቢመገብ ነውር እንደሌለበትም ተጽፏል። ዑመር «የማን እንደሆነ አላህ ያውቃል» ብለው አላለፉትም።

ይህን ስንል ሁሉም ጀመዓ እንደኛው ነው ማለታችን አይደለም። ቴፒ ውስጥ አንድ የሴቶች ሰደቃ እናውቃለን። ቀድሞ መዋጯቸው ዝንጅብል ነበር። በ2004 ዓ.ም. ግድም የዝንጅብሉ አጠውልግ በሽታ አገሩን ሲያዳርስ ሰደቃውም አብሮ ሊጠወልግ ደረሰ። ከዚያ ወደ ቡና ዞሩ። እያንዳንዷ ቤቷ ቡና በምትቆላ ቁጥር አንድ እፍኝ ጥሬ ቡና ለብቻ ታስቀምጣለች። ጁሙዓ ጁሙዓ አንድ ቤት ይሰበሰባል፤ በወር ይሸጣል። ገንዘቡ ለአራስ፣ ለከፈን፣ ባሏ ለሞተባት እናት ይውላል። ሣጥኑ ሁለት ቁልፍ አለው፤ ቁልፎቹም ዝምድና በሌላቸው ሁለት ሴቶች እጅ ናቸው። የምትጽፈው የአንዷ ልጅ፣ ያኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ሣጥኑ ከመከፈቱ በፊት ያለፈውን ወር ጮክ ብላ ታነባለች። ከመካከላቸው ፊደል የማያውቁ አንዲት እናት አሉ፤ ያለፈው ወር ቀሪ ስንት እንደነበር ግን በቃላቸው ይይዛሉ። ንባቡና የእርሳቸው ቃል ካልገጠመ ሣጥኑ አይከፈትም።

ለምን ሁለት ቁልፍ እንዳስፈለገ ብንጠይቃቸው እኒያው እናት ሳቁብን። «ቁልፉ አንድ ሲሆን ሸይጣን የሚሄደው አንድ ቤት ነው፤ ሁለት ሲሆን መንገዱ ይደክመዋል» አሉን። በሥልጠናው አዳራሽ ሁለት ቀን ተቀምጠን ይህን ያህል አልተማርንም።

የእነርሱም ነገር ያለ እንከን አልሄደም። ልጅቱ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ደብተሩ ሦስት ወር ባዶውን ቀረ። የሦስቱ ወር ሒሳብ እስከ ዛሬ በሙግት ነው የሚነሣው። አሁን የሚጽፉት ሁለት ልጆች ናቸው፤ አንዷ ስትጽፍ ሌላዋ አጠገቧ ቁጭ ብላ ትማራለች።

ሌላው መነገር ያለበት የገንዘቡ ወቅት ነው። ከከተማ የሚመጣ ምክር ሁሉ «ወርሃዊ መዋጮ ሰብስቡ» ይላል። ይህ ለደመወዝተኛ ነው። በቡና አገር ገንዘብ እንደ ዝናብ ወቅት አለው። እንደ ቦታው ከፍታ ቢለያይም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባለው ለቀማ እጅ ይረጥባል፤ ሐምሌና ነሐሴ ኪስ ይደርቃል። የኡስታዙ ልጆች ግን ሐምሌም ይርባቸዋል። ለምሳሌ ያህል ደመወዙ በወር 5,000 ብር ነው እንበል፤ በዓመት 60,000 ብር ይሆናል። አርባ ቤት ቢካፈለው ለአንድ ቤት 1,500 ብር ነው። ይህን ጀንፈሉ በተሸጠበት ሳምንት አንድ ጊዜ መጠየቅ ይቀላል፤ የሚሰጠውም ደስ ብሎት ይሰጣል። በወር 125 ብር እያሉ በሐምሌ ከአንዲት የልጆች እናት ደጅ መቆም ግን ለጠያቂውም ለተጠያቂዋም ውርደት ነው። ስለዚህ የዓመቱ በለቀማ ይሰበሰባል፤ ወር በወር ይከፈላል። «ወለድ እንዳይነካን» ብሎ ገንዘቡን ፍራሽ ሥር የሚያስቀምጥ ኮሚቴም ዛሬ ምክንያት የለውም። ዘምዘምና ሂጅራ ባንኮች በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምረዋል፤ ሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነፃ አገልግሎት ይሰጣሉ። ደብተሩ በሦስት ሰው ፊርማ ይከፈት፤ ለማውጣት ሁለቱ ይበቃሉ።

ከዚህ ጋር የረመዳን ነገር አለ። የሒጅራው ዓመት ከፀሐዩ ዓመት በ11 ቀን ገደማ ስለሚያንስ ረመዳን በወቅቶች ላይ ይዞራል። በ2002 ዓ.ም. የገባው በነሐሴ ነበር። በ2018 ዓ.ም. የገባው በየካቲት ነው፤ ቡናው ተሸጦ ባለቀ ማግሥት ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ወደ ለቀማው እየቀረበ ይሄዳል። ብዙ ኮሚቴ የዓመት ገቢው የረመዳን ገቢ ነው፤ የነሐሴውን ረመዳን ቀጫጫ ኪስ አይተን «ሰው ኢማኑ ቀዘቀዘ» ስንል የነበርን ሰዎች ቀን መቁጠሪያ ብንመለከት ኖሮ ከሐሜት እንድን ነበር።

የቡና ዘካ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። በኢማሙ አቡ ሐኒፋ ዘንድ ምድር ካበቀለችው ሁሉ ይወጣል፤ በዝናብ ከበቀለው ዐሥራት ማለት ነው። በኢማሙ ሻፊዒ ዘንድ ግን ግዴታው በሚከማች ዋና ምግብ ላይ ስለሆነ ቡና አይገባበትም፤ ነጋዴው በሸቀጥነቱ ከአርባ አንድ ያወጣል እንጂ። በአንድ መስጂድ ውስጥ ሐነፊና ሻፊዒ ትከሻ ለትከሻ በሚሰግዱበት አገር ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ለቀማ ላይ ይነሣል። ፈትዋው የዑለሞች ነው፤ እኛ አንገባበትም። የኮሚቴው ሥራ ግን ጥያቄውን ከለቀማ በፊት ይዞላቸው መሄድና መልሱን ለሰው ማሰማት ነው። በኛ ዘንድ ጥያቄው የሚነሣው ቡናው ተሸጦ ቆርቆሮ ከተገዛበት በኋላ ነው።

አንድ ኮሚቴ ሥራ ሲበዛበት «ለአላህ ብለን ነው የምንሠራው፤ ክፍያ አያስፈልግም» ይላል። መልካም ኒያ ነው። ነገር ግን በሱረቱ ተውባ 60ኛ አንቀጽ የዘካ ተቀባዮች ስምንት ሆነው ሲዘረዘሩ ሦስተኞቹ በዘካው ላይ የሚሠሩት ሰዎች ናቸው። ከፋዩ ጌታ ራሱ የሠራተኛውን ድርሻ ካስቀመጠ፣ በሳምንት ሁለት ከሰዓት ተቀምጦ መዝገብ ለሚይዝ ልጅ የትራንስፖርትና የሻይ መስጠት ምኑ ያሳፍራል? በነፃ የሚሠራ ሰው ሲቀር አይጠየቅም። የሚከፈለው ግን ይጠየቃል።

ወደ ሕጉ እንምጣ። የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት የተመሠረተው በ1968 ዓ.ም. ነው። በአዋጅ የሕግ ሰውነት ያገኘው ግን በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1207 ነው፤ ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ። የሲቪል ማኅበራቱም ሕግ በ2001 ዓ.ም. በአዋጅ 621 ጠብቆ ነበር፤ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ 1113 ላላ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 ምእመናን የሃይማኖት ትምህርትና የአስተዳደር ተቋም እንዲያቋቁሙ፣ በአንቀጽ 31 ደግሞ ሰው እንዲደራጅ ፈቅዷል። የገጠር ጀመዓ ይህን ሁሉ ማወቁ ምን ይረባዋል? የይዞታ ደብተር በሞተ ሰው ስም እንዳይቀር ይረባዋል። መስጂዱና መድረሳው በወረዳው መጅሊስ መዝገብ ላይ በስማቸው መኖራቸውን ማጣራት የመጀመሪያው ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ደጅ ነው። ደጁ ቶሎ አይከፈትም፤ ከወራሽ ጋር ከመካሰስ ግን ያጥራል።

ስለ መሬት ካነሣን አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ። ከየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የገጠር መሬት የሕዝብ ነው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረትም አይሸጥም አይለወጥም። ሰው የኔ የሚለው በጉልበቱ የተከለውንና ያለማውን ነው። ስለዚህ እኛ አገር «መሬቴን ወቅፍ አደረግሁ» የሚል ሰው በእርግጥ ወቅፍ የሚያደርገው የቡናውን እግር፣ ልፋቱንና ፍሬውን ነው። ይህ በወረቀት ላይ ሲሠፍር ስንት እግር እንደሆነ፣ ድንበሩ በየትኛው ዛፍና በየትኛው ቦይ እንደሆነ፣ አርጅቶ የተነቀለው በአዲስ ሲተካ አዲሱም የወቅፉ መሆኑ ሊጻፍ ይገባል። የሐጂ ማሳ የጠፋው በዚህች በመጨረሻዋ ነጥብ ነው። ያረጀው የመድረሳ ቡና ተነቅሎ በሐጂ እጅ ሲተካ አዲሱ ችግኝ የማን እንደሆነ ማንም አልጻፈም።

ወጣቶቹን ሳናነሣ አንለፍ። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ ከአገሩ ሁሉ ልጆችን ያመጣልናል። የሙስሊም ተማሪዎቹ ስብስብ ትጉህ ነው፤ ኢፍጣር ያዘጋጃሉ፣ ደርስ ያደርጋሉ፣ የተቸገረ ጓዳቸውን ይረዳሉ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ተመርቀው ይሄዳሉ፤ ተከታዮቹም ከአሊፍ ይጀምራሉ። የኛ አባቶች ሰብሳቢ ሳይቀይሩ ሃያ ዓመት ይቆያሉ፤ የነርሱ ሰብሳቢ ደግሞ ስሙን ሳንለምደው ይሄዳል። ከሁለቱም ወገን የሚጠፋው ያው መዝገቡ ነው። ባለፈው ዓመት የሒሳብ አያያዝ የሚማሩ ሁለት ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ የመድረሳውን ደብተር አሰመሩልን። መጀመሪያ ያመጡት ዐሥራ አራት ዓምድ ነበረው፤ አባቶች አይተው ሳቁ፤ ወደ አምስት ዝቅ አደረግነው። ቀን፣ ከማን፣ ገቢ፣ ወጪ፣ ቀሪ። ከጁሙዓ በኋላ በወር አንድ ጊዜ ይነበባል። መጀመሪያ ሲነበብ ያጉረመረሙ ነበሩ። በሦስተኛው ወር የኛ ጸሐፊ ታሞ ሳይነበብ ቢቀር «ዛሬ ለምን አልተነበበም?» ብለው የጮኹት እኒያው ናቸው።

የተረፈው ቡና ሁለት መቶ እግር ግድም ነው። በዚህ ዓመት ለቀማ አዲስ ኡስታዝ ለመቅጠር ብቻውን አልበቃም፤ ከአርባው ቤት መዋጮ ጋር ተዳምሮ ግን አንድ ወጣት ኡስታዝ ተቀጥረዋል። ከቀድሞዎቹ ልጆች ግማሽ ያህሉ ተመልሰዋል።

ይህን ጽሑፍ ልንጀምር ባሰብንበት ሰሞን የሐጂ ባለቤት ልከው አስጠሩን። ጓዳ ገብተው አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አወጡ። ውስጡ በላስቲክ የታሰረ ወረቀት ነበር፤ ከቡና አቅራቢዎች የተቆረጠ የርክክብ ደረሰኝ። በየጀርባው በአረብኛ ፊደል፣ በአማርኛ ቋንቋ፣ በዐጀሚ የተጻፈ የሐጂ እጅ ጽሑፍ አለበት። የ2005 እና የ2006 ዓ.ም. ነው። ማን ስንት ፈረሱላ፣ ማን ስንት ጣሳ እንደሰጠ በስም በስሙ ተመዝግቧል። ሐጂ ይጽፉ ነበር ማለት ነው። ለማንም አላሳዩም እንጂ ይጽፉ ነበር። የማሳው ድንበር ግን በአንዱም ላይ የለም፤ ስለዚህ እርቁን የሚያፈርስ ነገር አልተገኘም። እትዬ ሐጂያ ወረቀቱን ሲሰጡን «ያኔ ብትጠይቁት ይሰጣችሁ ነበር» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ወረቀቶቹን በአዲሱ መዝገብ ላይ እየገለበጥን ነው። ስልሳ አንድ ስም ተነቧል። አራቱ ቀለሙ ፈስሶ አልተነበቡልንም፤ አንደኛው ሁለት ኬሻ፣ ሁለተኛው አንድ ፈረሱላ፣ ሦስተኛውና አራተኛው ሦስት ሦስት ጣሳ ናቸው። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ከሚዛን ቴፒ መንገድ ገባ ብሎ ለመድረሳ ብሎ ለሐጂ ቡና የሰጠ፣ ወይም አባቱ ወይም እናቱ የሰጡለት አንባቢ ካለ በመጽሔቱ አድራሻ ይጻፍልን። ደረሰኝ እንቆርጥለታለን።